ኩሱን አሳዩኝ፦ ስለ ፊንች ወፎች ጤና ጥያቄና መልስ

ዜብራ ፊንች ማርባት ከጀመርሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ሐኪም አይደለሁም። በየማለዳው ቡና ሳልጠጣ የወፎቼን ኩስ የምመረምር ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ግን ምክንያት አለኝ። ፊንች ከ12 እስከ 15 ግራም የምትመዝን፣ ብዙ አዳኝ የሚፈልጋት ፍጥረት ናት፤ ስትታመም ጤነኛ ለመምሰል ትጥራለች። ላባዋን ነፍታ በጠራራ ፀሐይ ስታንቀላፋ ካያችኋት በሽታው ሰንብቷል ማለት ነው። መደበቅ የማትችለው ኩሷን ብቻ ነው። እስቲ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጤነኛ ኩስ ምን ይመስላል? እኔ የሚታየኝ ነጭና ጥቁር ነገር ነው።

መልስ፦ በአንዱ ጠብታ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ እንደ ትል የተጠቀለለው እውነተኛው ኩስ ነው። ነጩን ብዙ ሰው ኩስ ይለዋል እንጂ እሱ ሽንት ነው፤ የወፍ ኩላሊት ቆሻሻውን ዩሪክ አሲድ አድርጎ እንደ ኖራ ያወጣዋል። ሦስተኛው ዙሪያውን በጥቂቱ የሚያርሰው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሁሉም በአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ። ጥቅልሉ ቅርጹን ከያዘ፣ ነጩም ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ከወፎቹ የሽቦ ቤት ወለል ላይ አሸዋና ሰጋቱራ አንሡና ነጭ ወረቀት አንጥፉ፤ አሸዋ ውሃውን መጥጦ ማስረጃውን ያጠፋል። ወረቀቱን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቀይሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የራሳችሁ ወፍ ልማድ ዐይናችሁ ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የእኔዋ ሦስት ቀን ሙሉ ኩሷ ውሃ ሆኗል። ተቅማጥ ነው አይደል? ከፋርማሲ ምን ልግዛላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ምንም አትግዢ። ወረቀቱን ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ። ጥቅልሉ ቅርጹን ይዞ በውሃ ኩሬ መካከል ከተቀመጠ ተቅማጥ አይደለም፤ የበዛው ሽንት ነው። ተቅማጥ የሚባለው ጥቅልሉ ራሱ ሟሙቶ ሊጥ ሲመስል ነው። ሽንት የሚያበዙ ነገሮች ብዙ ናቸው፦ ሙቀት፣ ድንጋጤ፣ ውሃ የበዛበት ምግብ፣ አንዳንዴም የኩላሊት ሕመም። ምን እየበላች ነው? ከአንቺ ሌላ የሚመግባት ሰው አለ? አጣሪና ተመለሽ።

ጥያቄ፦ የወንዱ ኩስ ከትናንት ጀምሮ ትንሽ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። እህሉ ግን ሙሉ ስለሆነ ርቧል አልልም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥሁ። አሁኑኑ የእህሉን ዕቃ አንሣና እፍ በልበት። ፊንች ፍሬውን ፈልፍሎ ገለባውን እዚያው ይጥለዋል፤ ዕቃው ከላይ ሲያዩት እስከ አፉ የሞላ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ አንዲት ሴት ወፍ የሞተችብኝ እንዲህ ነው። ሁለት ቀን ከቤት ስርቅ እንዲመለከትልኝ የለመንሁት ሰው «ምግባቸው አላለቀም» ብሎ ሳይጨምር ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስለ ገለባው አልነገርሁትም። ወረቀቱ ላይ የቀረው አንተ የገለጽኸው ዓይነት ነበር። አንጀት ውስጥ እህል ከሌለ የሚወጣው ሐሞት ያቀለመው ጥቂት ነገር ነው። ይህች የምታህል ወፍ ሙሉ ቀን ሳትበላ ከዋለች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው።

እህሉ በእርግጥ ካለና እሱ ካልበላ ደግሞ ታሟል። የቤቱን አንድ ጎን በመብራት ወደ 30 ዲግሪ አሙቀው፤ ሲበዛበት ፈቀቅ እንዲል ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል። እህልና ውሃ አጠገቡ አድርግና ሐኪም ፈልግ። እስከ ነገ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ኩሱ ላይ ቀይ ነገር አየሁ፤ ደም ነው?

መልስ፦ ትናንት ቀይ ሥር በልታ ከሆነ ቀይ ሥር ነው። ካሮት ብርቱካናማ፣ ቆስጣ ደማቅ አረንጓዴ ያደርገዋል። ቀለም ያለውን ያን ምግብ ብቻ አቁሙ፤ በማግስቱ መጥራት አለበት። ካልጠራ፣ ወይም እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ደም ነው ብላችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቀዩ ከመውጫው አካባቢ፣ ጥቁሩ ከላይኛው ሆድ የመጣ ነው። ነጩ ክፍል ቢጫ ወይም የሎሚ ልጣጭ ቀለም ከያዘ ደግሞ ጉበት ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ ያልተፈጨ ፍሬ እንዳለ ሲወጣ አየሁ። አገር ቤት ዶሮ ሲታመም ቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ እንበጠብጥ ነበር፤ ላድርግ?

መልስ፦ አታድርግ። ሙሉ ፍሬ መውጣቱ እህል የሚፈጨው ጡንቻማ ጨጓራ ሥራውን እንዳልሠራ ይነግርሃል። በፊንች ላይ የዚህ የተለመደ ምክንያት ማክሮራብደስ የሚባል የጨጓራ እርሾ ነው። እርሾ የፈንገስ ወገን ነው፤ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያ እንጂ ፈንገስ አይነካም። መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ ነው፤ መጠኑን የሚወስነውም ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ትኩስ ኩስ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ደግሞ የታመመች ወፍ ውሃ የምትጠጣው ጥቂት ነው፤ የበጠበጥኸው መድኃኒት ምን ያህሉ ሆዷ እንደገባ በምን ታውቃለህ? ዶሮዋ ከፊንቿ መቶ እጥፍ ትከብዳለች፤ በዓይን ግምት የሚለካ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሴቷ ጠዋት ጠዋት እጅግ ትልቅ ኩስ ትጥላለች።

መልስ፦ እንቁላል ልትጥል ደርሳለች፣ ወይም ታቅፋ አድራለች። ጎጆዋን ላለማቆሸሽ አጠራቅማ ነው። ለካልሲየም የኩትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት ይኑራት።

ጥያቄ፦ ጤፍ ይበላሉ?

መልስ፦ በደስታ። የሣር ዘር ነው፤ ለእነሱ ምንቃር የተሠራ ይመስላል። ዳጉሳም ይወዳሉ። አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ነው፣ በጭራሽ!

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ግቢያችን የምትመጣ ሰማያዊ፣ ጉንጯ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች። እሷም ፊንች ናት አሉኝ፤ ይዤ ላሳድጋት?

መልስ፦ እርግጥ የዚያው ቤተሰብ ናት፤ ቀይ ጉንጭ ያለው ወንዱ ነው። ግን ተዋት። በዱር ያደገች ወፍ በሽቦ ቤት ውስጥ በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ዜብራ ፊንች ከአውስትራሊያ ቢመጣም ከሰው ጋር ብዙ ትውልድ ኖሯል። ውሃ በሰፊ ዕቃ ግቢው ውስጥ አስቀምጥ፣ በየቀኑ ትመጣልሃለች።

ጥያቄ፦ ኩሱ ትንሽ ተለወጠ፣ ወፏ ግን ትዘላለች፣ ትዘምራለች። መቼ ነው የምፈራው?

መልስ፦ አንድ የተበላሸ ጠብታ አያስፈራኝም። ለውጡ ከአንድ ቀን ካለፈ፣ ወይም ከእሱ ጋር ወለል ላይ መቀመጥ፣ ስትተነፍስ ጅራት ከፍ ዝቅ ማለት፣ መውጫዋ ዙሪያ የደረቀ ኩስ መጣበቅ ከታየ እፈራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን፣ የግራም አሥረኛውን የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ግዙ። 14 ግራም የነበረች ወፍ 12 ተኩል ከሆነች ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን አጥታለች፤ ለእኛ ሰባት ኪሎ እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሕፃን አለን። ኩሱ ይጎዳዋል?

መልስ፦ የደረቀውን አትጥረጉ፤ አቧራው ሳንባ ይገባል። በውሃ አርሳችሁ አንሡት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዕቃዎቿን በወጥ ቤት ማጠቢያ አትጠቡ።

ጥያቄ (ከዱባይ፣ እንደገና)፦ አጣራሁ። የስድስት ዓመት ልጄ ነው። አባቱ ሰላጣ በከተፈ ቁጥር ኪያር እየሰረቀ ይሰጣት ኖሯል።

መልስ፦ ሌባው ተገኘ! ኪያሩን ለሁለት ቀን አቁሙና ወረቀቱን እዩ፤ ውሃው ከቀነሰ ሐኪምም ፋርማሲም አያስፈልግሽም። ካልቀነሰ ትኩሱን ኩስ በንጹሕ ፕላስቲክ ይዘሽ ወፏን አሳዪ። ልጁን አትቆጪው። ወረቀት መቀየሩን ለእሱ ስጪው፣ እጁን እየታጠበ፤ ከአንቺ ይልቅ እሱ ለወለሉ ቅርብ ነው።