ጁባ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽልኝ እኅቴ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሥራ እንዳጣሽ፣ አሁን ደግሞ ዘመድሽ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ሊያስቀጥርሽ እንደሆነ ነግረሽኛል። «የአገሪቱ የነዳጅ ምርት ባለበት ቆሟል፣ ወደ ውጭ የሚላከውም ቀንሷል ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ለምሠራው ምን ያገባኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

በጣም ያገባሻል።

ከምትኖሪበት ሕንጻ ሥር እንጀራ የምትሸጥ ሴት አምናም ዘንድሮም በቀን 100 እንጀራ ከሸጠች አልከሰረችም፤ ግን አላደገችም። በዚያ ላይ ልጆች ከተጨመሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። የአገር ዕድገትም የሚለካው ካለፈው ዓመት በተጨመረው ምርት ነው። ነዳጅ ባለበት ሲቆም ለዕድገቱ የሚጨምረው የለም፤ ሲቀንስ ደግሞ ሌላውንም ይዞ ይወርዳል።

ደቡብ ሱዳን ነዳጅዋን ባሕር የምታደርሰው በሱዳን ምድር በሚያልፍ ቧንቧ ነው፤ የመንግሥትዋም ገቢ በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በማስተላለፊያ ክፍያ ከካርቱም ጋር ተጣልታ ምርቱን ራስዋ አቆመች፤ በዚያ ዓመት ኢኮኖሚዋ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሱዳን በጦርነት ላይ ሳለች ከቧንቧዎቹ አንዱ ተበላሸ። የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ አላገኙም፤ የአገሪቱ ፓውንድም ክፉኛ ረከሰ።

ይህ ሁሉ ሆቴሉ ዘንድ የሚደርሰው በአንቺ ጠረጴዛ በኩል ነው። ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው ምሳ ሊበላ አይመጣም። አዳራሽ በዱቤ ተከራይቶ የተሰበሰበው መሥሪያ ቤት ዕዳውን ያዘገያል። ተሰብሳቢ ሒሳቡ፣ ማለትም ደንበኞች ያልከፈሉት ዕዳ፣ ከወር ወር ሲያብጥ፣ ሥጋውና ዱቄቱ ግን በዶላር ሲገዛ፣ ከባለቤቱ ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ደመወዝሽ በዶላር ይሁን በፓውንድ ጠይቂ። የሆቴሉ እንግዶች በአብዛኛው የተባበሩት መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች ናቸው ወይስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች? የመመለሻ ቲኬትሽን ማን ይችላል? ዘመድሽ «አትስጊ» ቢልሽም መልሱ ውሉ ላይ ተጽፎ እዪው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ክፍያው በዶላር ሆኖ ቲኬቱም ከተጻፈ ለአንድ ዓመት ብትሄጂ አልቃወምም፤ ልምዱ ይጠቅምሻል። በፓውንድ ከሆነ ግን ቅሪ። ሥራ ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በሰው አገር ሠርቶ ደመወዝ ማጣት ግን የባሰ ነው።

እስከዚያው ደጅሽንም አትርሺ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆመሽ ከጅቡቲ የሚመጡትን ቦቴዎች አይተሻል። እኛ ነዳጁን ገዢዎች ነን፤ ዋጋው ሲወርድ ለእኛ እፎይታ፣ ለጁባ ጭንቀት ነው። ከእነዚያ መኪናዎች ጀርባ በቃሊቲና በገላን የትራንስፖርት፣ የትራንዚትና የመጋዘን ድርጅቶች አሉ፤ ሁሉም ሒሳብ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የትምህርት ማስረጃሽን ይዘሽ በእግርሽ ዙሪያቸው፤ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ። የጁባው ውል ሲደርስሽም ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።