ኮከብ ፈንድቶ ርቀት ይለካል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሳይንቲስቶች በፈነዳ ኮከብ የጋላክሲዎችን ርቀት ይለካሉ ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። እዛ የደረሰ ሰው የለ፣ በምን ይለኩታል? ዩኒቨርስ እየፈጠነ ነው የሚሰፋውስ የተባለው በምን ታውቆ ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቆንጆ ጥያቄ ነው ወንድማችን። ማታ ሩቅ የበራ አምፖል አይተህ ባለ 100 ዋት መሆኑን ቀድመህ ካወቅህ፣ በደበዘዘብህ ልክ ርቀቱን ማስላት ትችላለህ አይደል፣ የነሱም ስራ ከዚሁ ይነሳል። ችግሩ የአብዛኛው ኮከብ ትክክለኛ ድምቀት ከሩቅ አይታወቅም። ታይፕ ዋን ኤ ሱፐርኖቫ የሚባሉት የሚፈነዱ ኮከቦች ግን ይለያሉ። ነዳጁን ጨርሶ መሬትን ወደማከል የተኮማተረ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ የሚቀራረብ ኋይት ድዋርፍ የሚባል ኮከብ አለ፣ እሱ ከጎረቤት ኮከብ ጋዝ እየሳበ ወይ ከሌላ ኋይት ድዋርፍ ጋር ተዋህዶ ውስጡ ያለው ካርቦን ባንዴ ይቀጣጠልና ብትንትኑ ይወጣል፣ በዛን ሰሞንም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፀሐዮችን ያህል ስለሚያበራ ከሌላ ጋላክሲ ሆኖ እንኳ ይታያል።

ብዙ ጊዜ "ሁሉም እኩል ያበራሉ" ተብሎ ይታለፋል፣ እኩል ግን አይደሉም፣ ለኔ ደሞ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ ፊሊፕስ የሚባል አስትሮኖመር ደማቆቹ ቀስ እያሉ እንደሚደበዝዙ፣ ደከም ያሉት ደሞ ቶሎ እንደሚጠፉ አሳየ። ስለዚህ አንድ ሌሊት ፎቶ አንስቶ መተው አይበቃም፣ ለሳምንታት እየተመላለሱ ብርሃኑ በምን ፍጥነት እንደቀነሰ መከታተል ያስፈልጋል፣ ትክክለኛው ድምቀት የሚወጣው ከዛ ነው። እንዲህ ባይታረም ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ግኝት ባልታመነ ነበር።

በ1998 ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች፣ አንዱ በሶል ፐርልሙተር ሌላው በብራያን ሽሚት የሚመራ፣ በጣም ሩቅ የሆኑትን ሲለኩ ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው አገኟቸው፣ ማለትም ከታሰበው በላይ ርቀዋል። ስበት የዩኒቨርስን መስፋፋት ያዘገየዋል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ እየፈጠነ ሆኖ ተገኘ፣ እርስ በርስ የሚሽቀዳደሙት ሁለቱም ቡድኖች እዛው ውጤት ላይ መድረሳቸው ደሞ ብዙ ተጠራጣሪ አሳመነ። ሁለቱ መሪዎችና የሽሚት ባልደረባ አዳም ሪስ በ2011 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። የሚገፋው ነገር ዳርክ ኢነርጂ ተባለ፣ ምንነቱን እስካሁን ያወቀ የለም።

ዩኒቨርስ በምን ያህል ፍጥነት ነው የሚሰፋው የሚለው ክርክርም አላለቀም። ሪስና ባልደረቦቹ በሱፐርኖቫ ሲለኩ ለየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የመስፋፋቱ ፍጥነት በሰከንድ 73 ኪሎሜትር ገደማ ይመጣል፣ ፕላንክ ሳተላይት ከቢግ ባንግ የቀረውን ጨረር ለክቶ የተሰላው ግን 67 አካባቢ ነው፣ ሁለቱም መለኪያ ደጋግሞ ተፈትሾ ልዩነቱ እስካሁን አልጠበበም።