ምደባችሁ ትንሽ ከተማ ለሆነ ወጣት ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ከማስተማሪያ ሆስፒታል ወጥቶ ትንሽ ከተማ መመደብ እንደ ቅጣት ሲወራ እሰማለሁ። «እዚያ ደግሞ ምን እማራለሁ?» ትላላችሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ሕክምና ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1938 ቪለም ኮልፍ የተባለ ሆላንዳዊ ወጣት ሐኪም ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። አንድ የ22 ዓመት ልጅ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ እጁ ላይ ሞተበት። ነገሩ አልተዋጠለትም። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመውን ዩሪያ የተባለ ቆሻሻ በየቀኑ ማውጣት ቢቻል ልጁ ይተርፍ ነበር ብሎ አሰበ። ቋሊማ በሚጠቀለልበት ሴሎፎን ውስጥ ደም አድርጎ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ሞከረው። ዩሪያው በሴሎፎኑ አልፎ ወደ ጨው ውሃው ወጣ። አለቃውም «ተወው» አላሉትም፤ ሙከራውን እንዲገፋበት ፈቀዱለት።

በ1940 ጀርመን አገሪቱን ወረረች። አይሁዳዊው አለቃው ራሳቸውን አጠፉ። በቦታቸው የናዚ ደጋፊ ሲሾም ኮልፍ ከእሱ ሥር መሥራት አልፈለገም። በ1941 ካምፐን የምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ገባ።

ካምፐን የሕክምና ፕሮፌሰር አልነበራትም። የኢናሜል ዕቃ ፋብሪካ ግን ነበራት! የፋብሪካው ኃላፊ ሄንድሪክ በርክ ማሽኑን በመሥራት አገዙት። 20 ሜትር ያህል ሴሎፎን በእንጨት ርብራብ በርሜል ላይ ተጠመጠመ። ደሙ በውስጡ ሲያልፍ በርሜሉ ጨው ውሃ በሞላው ገንዳ ውስጥ ይዞራል። ደም ሳያፈስ የሚሽከረከር መጋጠሚያ ሲቸግረው መላውን ያገኘው ከፎርድ መኪና የውሃ ፓምፕ ነው። እባካችሁ፣ የሆስፒታላችሁን የጥገና ሠራተኞች በስማቸው እወቋቸው። እኔን ከስንት ጭንቅ ያወጡኝ እነሱ ናቸው።

ከ1943 ጀምሮ በማሽኑ የታከሙት ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱ። ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ለየቤተሰቡ መርዶ እየነገሩ በማግስቱ ማሽኑን እንደገና ማዘጋጀት ቀላል አይደለም። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሷን ስታ መጣች። ከጀርመኖች ጋር አብራለች ተብላ የታሰረች ነበረች። ብትሞት ደስ የሚላቸው የከተማው ሰዎች ነበሩ። ኮልፍ አከማት። ከ11 ሰዓት እጥበት በኋላ ነቃች፤ ከዚያም ዓመታት ኖራ በሌላ ሕመም አረፈች።

ጦርነቱ ሲያበቃ የሠራቸውን ማሽኖች ለንደን፣ ኒውዮርክና ሞንትሪያል ላሉ ሆስፒታሎች በነጻ ሰጠ። በ1946 በዚሁ ሥራ ከግሮኒንገን ዶክትሬቱን ያዘ። የምደባ ወረቀታችሁ ሲደርሳችሁ አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። ያዳናችሁትን ብቻ ሳይሆን ያልዳነላችሁንም በሽተኛ፣ ምን እንደሞከራችሁ ጭምር፣ በዚያው ምሽት ጻፉበት።