የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በቀውስ ጊዜ ሕዝብን እንዴት አናገሩ? ጥያቄና መልስ

የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ። ኢትዮጵያን ከሚመለከተው በስተቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በንግግር ብቻ ቀውስ ያበረደ ፕሬዚዳንት አለ?

በንግግር ብቻ አላውቅም። ሁሌ የሚጠቀሱት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በማርች 1933 ሥልጣን ሲይዙ ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ባንክ በር ላይ ይጋፋ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ዘጉ። ኮንግረሱ ማርች 9 የአስቸኳይ ጊዜ የባንክ ሕግ በአንድ ቀን አጸደቀላቸው። ሬዲዮ ላይ የቀረቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እሑድ ማርች 12 ማታ ነው። ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥም፣ ባንኩ መልሶ ያበድረዋል፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከመጣ ጤነኛ ባንክም ሊከፍል አይችልም ብለው አስረዱ። ባንኮች ሲከፈቱ ሰው ገንዘቡን መልሶ ሊያስገባ ተሰለፈ። ንግግሩ የሠራው ሕግና ቁጥጥር ቀድሞት ስለነበር ነው።

ተቃራኒው ጂሚ ካርተር ናቸው። ጁላይ 15፣ 1979 ስለ አገሪቱ የመተማመን ቀውስ ያደረጉት ንግግር መጀመሪያ ላይ ጥሩ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የካቢኔ አባሎቻቸው በሙሉ መልቀቂያ እንዲያቀርቡ ተደረገና ሕዝቡ መንግሥት ተናጋ ብሎ ደነገጠ።

ጥያቄ፦ ጋዜጣዊ መግለጫ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረው በማን ጊዜ ነው?

በኬኔዲ፣ ጃንዋሪ 25፣ 1961። አይዘንሃወር በ1955 ካሜራ አስገብተው ነበር፤ ያኔ ግን ፊልሙ አስቀድሞ በዋይት ሀውስ ታይቶ ነበር የሚለቀቀው።

ጥያቄ፦ ጥፋትን ማመን መሪን አያስንቅም?

ብዙ ጊዜ የሚያስንቀው መጀመሪያ የተባለው ነገር ውሸት ሆኖ መገኘቱ ነው። ሜይ 1960 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ሶቪየት ኅብረት ላይ ተመትቶ ሲወድቅ የአይዘንሃወር መንግሥት የአየር ጠባይ የሚያጠና አውሮፕላን ነው አለ። የሶቪየቱ መሪ ክሩስቾቭ አብራሪውን በሕይወት ይዘውት ነበር፤ ይህንን የተናገሩት ግን ዋሽንግተን ውሸቷን ከተናገረች በኋላ ነው። ለአንድ መንግሥት ከዚህ የከፋ ወጥመድ ያለ አይመስለኝም።

በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1961፣ በሲአይኤ የሰለጠኑ 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞች የካስትሮን መንግሥት ለመጣል ኩባ ላይ ወርደው በሦስት ቀን ተሸነፉ። ኬኔዲ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ድል መቶ አባት አለው፣ ሽንፈት ግን የሙት ልጅ ነው የሚለውን የቆየ አባባል ጠቀሱና ኃላፊው እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ በኋላ በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድጋፋቸው 83 በመቶ ደረሰ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ እፈልጋለሁ፦ አሜሪካውያን የውጭ ቀውስ ሲመጣ ከፕሬዚዳንታቸው ጎን የመቆም ልማድ ስላላቸው ቁጥሩን ያመጣው ኃላፊነት መውሰዳቸው ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ኒክሰንን የጣላቸው ዘረፋው ነው ወይስ መሸፋፈኑ?

መሸፋፈኑ። ሰርገው የገቡት ሰዎች የተቃዋሚው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት በነበረበት በዋተርጌት ሕንፃ ውስጥ የተያዙት ጁን 17፣ 1972 ነው። ኒክሰን አስቀድመው ማወቃቸው አልተረጋገጠም። ግን ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሲአይኤ የኤፍቢአይን ምርመራ እንዲያስቆም ሲስማሙ የራሳቸው ቢሮ መቅጃ ቀድቷቸዋል። ኖቬምበር 1973 ፍሎሪዳ ላይ «እኔ አጭበርባሪ አይደለሁም» አሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 1974 ቴፖቹን አስረክቡ ብሎ 8 ለ 0 ወሰነ። ያ ቴፕ ኦገስት 5 ይፋ ሲሆን የራሳቸው ፓርቲ ሰዎችም ከዷቸው፣ ኦገስት 9 ሥልጣን ለቀቁ።

ጥያቄ፦ ኒክሰንን የተኩት ፎርድስ ለኒክሰን ምሕረት በማድረጋቸው ተሳሳቱ?

ውሳኔው የሚያስኬድ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተበላሸው አካሄዱ ነው። ሴፕቴምበር 8፣ 1974 እሑድ ጠዋት፣ ሕዝቡንም ኮንግረሱንም ሳያዘጋጁ አወጁት። የፕሬስ ኃላፊያቸው በዚያው ቀን ሥራውን ለቀቀ። በኋላ ራሳቸው የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሥልጣኑን በምሕረት የለወጠ ድርድር አልነበረም ብለው አስረዱ፤ ያን ማብራሪያ ግን ሕዝቡ የሚፈልገው በመጀመሪያው ቀን ነበር።

ጥያቄ፦ የእኛ ፕሬዚዳንት ለምን እንዲህ አይጠየቁም?

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም መጨረሻ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ፤ ምክር ቤት ቀርቦ ጥያቄ የሚመልሰው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ እሱን ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ደግሞ በተቃራኒው ኮንግረስ ፊት ቆሞ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። ጋዜጣዊ መግለጫ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግም የለም። ሩዝቬልት በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ጋዜጠኞችን ያገኙ የነበረው ፈልገው ነው፤ ኒክሰን ደግሞ ወራት ያሳልፉ ነበር። ያለ ተዘጋጀ ጽሑፍ ፊት ለፊት የሚጠየቁበት ዋናው ቦታ ጋዜጣዊ መግለጫው በመሆኑ፣ ሲቀር ብዙ ነገር ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ንግግር ልጀምር?

ከሩዝቬልት የባንክ ንግግር፣ 15 ደቂቃ አይሞላም። ቀጥሎ ሬገን ማርች 4፣ 1987 ለኢራን ስለተሸጠ የጦር መሣሪያ የተናገሩትን ስሙ። ቀደም ሲል ታጋቾችን ለማስለቀቅ ብለን መሣሪያ አልሸጥንም ብለው ነበር፤ ልቤ አሁንም እንደዚያ ይለኛል፣ ማስረጃው ግን አይደለም ይላል ብለው አመኑ። ሁለቱም ውስጥ አድማጩ በኋላ ሊያጣራው የሚችለውን ነገር እየለያችሁ አድምጡ።