እንግድነትም ይለመዳል

ይድረስ ለእናንተ፣ ለስልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለምትወጡ ልጆች፤

ከመብረራችሁ በፊት ብዙዎቻችሁ ቤት ብቅ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ይበርዳል ወይ? ስንት ዶላር ልያዝ? ሲም ካርድ የት ይገዛል? ይህን ጉግልም ይነግራችኋል። እኔ በመንገድ መሐንዲስነት እስከ ጡረታ ስሠራ ብዙ አገር ተልኬያለሁ። ከሁሉም የታዘብኩት ይህን ነው፦ እኛ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን፤ እንግዳ መሆን ላይ ግን ገና ነን። «እንግዳ ተቀባይ ነን» እየተባልን አድገን፣ የሰው ቤት ስንገባ ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ የነገረን የለም።

ከሰላምታ ልጀምር። አገር ቤት ስንገናኝ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ገጠር ከሆነም ስለ ከብቱ ሳንጠያየቅ ወደ ጉዳይ አንገባም። እንግሊዝኛ መናገር ስንጀምር ግን ምን እንደሚነካን እንጃ፣ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። «ሄሎ፣ ቢሮው የት ነው?» ብለን እናልፋለን። ታንዛኒያ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ወጣት ያልተቀጣ ልጅ ይመስላል። እዚያ ታናሽ ታላቁን «ሺካሞ» ይላል፣ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገዱ መጠያየቅ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አሩሻ ስለሆነ ለስብሰባ መሄዳችሁ አይቀርም። በዕድሜ ጠና ላሉት ሁሉ፣ ለጥበቃውም፣ ቢሮ ለሚያጸዱት እናትም «ሺካሞ» በሏቸው። ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው። ጠዋት «ሳ ምቢሊ» ካሏችሁ ያው የኛው ሁለት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያንኑ ሰዓት ስምንት ይሉታል። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገራችሁ አትርሱ።

ኪጋሊ ሌላ ነው። ፌስታል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣችሁን ቀድማችሁ አራግፉ። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሕዝቡ ኡሙጋንዳ ለሚሉት የጋራ ሥራ ይወጣል። ሱቁም ይዘጋል፣ መንገዱም ጭር ይላል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ አፍን መጠበቅ ነው። እኛ ሰው ስንተዋወቅ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ማለት ይቀናናል። ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ጥያቄ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሩዋንዳ ውስጥ ሰውን «ሁቱ ነህ ወይስ ቱትሲ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነውር ነው። ከመታወቂያቸው ላይ ከተነሳም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ካለቁት መካከል አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው እናት ትኖር ይሆናል። የገዳዩ ልጅም ሊሆን ይችላል። እሱ ራሱ ካወራላችሁ ስሙት፣ ካላወራላችሁ ተዉት። ጊሶዚ ወዳለው መታሰቢያ ሂዱ። ከ250,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት ስለሆነ ግን ሰልፊ የሚነሱበት ቦታ አይደለም። በኤፕሪል 7 በሚጀምረው የሐዘን ሳምንት ከደረሳችሁም የጭፈራ ቤት አትጠይቁ። ያችን «የየት አገር ልጅ» የምትባል ጥያቄ እዚያው ጥላችኋት ብትመለሱ እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች በቡና ይፈትኗችኋል። መጀመሪያ ነገር፣ ገና ከመቀመጣችሁ «ቡና የኛ ነው» የሚለውን ንግግር አትክፈቱ። የነሱ ቡና ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ሄል የገባበት፣ ስኳር የሌለው ነው። ከተምር ጋር ይቀርባል። እኛ ሲኒው ጢም ብሎ ካልሞላ ቅር ይለናል። እነሱ ዘንድ ግን ሲኒ እስከ አፉ መሙላት «ጠጣና ሂድልኝ» እንደማለት ስለሚቆጠር የሚቀዳው ትንሽ ነው። ቆጥበውብን ነው ብላችሁ አትሙ። በቀኝ እጅ ተቀበሉ። ጠጥታችሁ ዝም ብላችሁ ከመለሳችሁት ደግመው ይቀዳሉ፣ አሁንም ይደግማሉ። በቃኝ የሚባለው ሲኒውን በጣት ይዞ ግራና ቀኝ ነቅነቅ በማድረግ ነው። ነገሩን እንደ ቀልድ አታድርጉት፤ ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ያደገ ሰው ደግሞ ይህ ሊከብደው አይገባም።

ወደዚያ በሚሄደው አውሮፕላን ውስጥ ለቤት ሥራ የሚሄዱ ብዙ እህቶቻችን አሉ። ላፕቶፕ ስለያዙ ብቻ ፊታቸውን ወደ መስኮት የሚያዞሩ ልጆች ያናድዱኛል። «ፎርም ሙላልኝ» ካለቻችሁ ሙሉላት። ቀበቶው ካስቸገራት አሳዩአት። አገር ቤት ደርሳ ወደ ሥራዋ የምትመለስ ከሆነች ደግሞ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። አረብኛውን፣ የቤቱን ደንብ፣ ምን እንደሚያስቀይማቸው ከእናንተ ስልጠና አዘጋጆች በላይ ታውቀዋለች።

ይሉኝታን በተመለከተ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጀርመን አገር ሰው ቤት ተጋብዞ ሄደ። «ትበላለህ?» አሉት። «አይ፣ በልቻለሁ» አለ። እኛ አገር ይሄ የጨዋታው መጀመሪያ ነው፤ «በሞቴ» የሚለው ገና ሊመጣ ነው። እነሱ ግን ቃሉን አክብረው ሳህኑን አነሱት። ቀኑ እሁድ ነበር። እዚያ አገር እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ሆቴሉ ገብቶ የሻንጣውን ቆሎ ሲቆረጥም አመሸ። ጋባዦቹ ንፉግ ሆነው አልነበረም። ከራባችሁ አዎ በሉ፣ ካልፈለጋችሁ አመስግናችሁ ተዉት፣ በአንድ ቃል ያልቃል። የጾም ወቅት ከሆነም ቀድማችሁ ንገሯቸው። «ቪጋን» ካላችሁ ብዙ ቦታ ወዲያው ይገባቸዋል። የሚያስቀይመው ተደክሞበት የቀረበ ምግብ ሲገፋ ነው።

አበሻ ያለበት ከተማ ስትደርሱ አበሻ ፈልጉ፣ ደስ ይላል። ግን የሄዳችሁበትን ሳምንት በሙሉ እንጀራ ቤት ከገዛ ጓደኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ከጨረሳችሁት የአገሩን ሰው መቼ አገኛችሁት? ዋሽንግተን ያለው የአክስታችሁ ልጅም ሁለት ሥራ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ሊያዞራችሁ ፈረቃ ለውጦ ከሆነ ቢያንስ የነዳጁን እናንተ ክፈሉ። የጫማና የስልክ ዝርዝርም አትላኩበት።

ስትመለሱ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራችኋል። አብራችሁ ፎቶ ተነስታችሁ «እልክላችኋለሁ» ያላችኋቸው ሰዎች ይኖራሉ፣ እኛ ይህን ማለት እንወዳለን። ሻንጣ ሳትፈቱ ላኩላቸው፣ ከሁለት መስመር ምስጋና ጋር። ዋትሳፕ የሌለው ሰው ካለ አሳጥባችሁ ቀጥሎ ወደዚያ ለሚሄደው ባልደረባችሁ ስጡት፣ የሰውየውን ስም ከጀርባው ጽፋችሁ።