ስለ መኪና ቀለም ጠይቁኝ፤ ናፍጣ ይቀባ ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ

ጋሽ ኮፈን፦ ጤና ይስጥልኝ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብያለሁ። ጋራዥ ቀለም ቤት ውስጥ እንዳረጀሁ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ አሁን የራሴንና የዘመድ መኪና ግቢዬ ውስጥ ነው የምሠራው። እጥበት፣ ክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳው ሊጥ መሳይ)፣ ፖሊሽ (ቀለሙን በስሱ ፍቆ የሚያበራው)፣ ዋክስ (ሰሙ)፣ ሴራሚክ (ቀለም ላይ ተቀብቶ የሚጠነክረው ፈሳሽ መከላከያ) ጠይቁ። ሞተር አልመልስም። ዋጋም አልናገርም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ መርካቶ ስትደርሱ ውሸታም ያስብለኛል። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ ድጋሚ ተቀብቶ እንደሆነና የት እንደሚያድር ጻፉ።

ብርማው ቪትዝ፦ እንደምን ዋሉ ጋሽ ኮፈን። ብርማ ቪትዝ ነው፣ ውጭ ያድራል፣ ኮፈኑ አንዴ ተቀብቷል። ሴራሚክ ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ራሴ ልቀባው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ጋሽ ኮፈን፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። በል ሴራሚኩን ቆልፍበትና ቅዳሜን ለዝግጅት ስጠው። ሴራሚክ ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። ጭረት ካለ ጭረቱን፣ የሬንጅ ነጥብ ካለ ነጥቡን ይዞ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው በፖሊሽ ተፍቆ ነው።

መጀመሪያ እጥበት። ሁለት ባልዲ ያዝ፤ አንዱ ለሻምፖው፣ አንዱ ለጓንቱ ማለቅለቂያ። አንድ ጎን ካጠብህ በኋላ ጓንቱን በንጹሑ ውሃ አለቅልቀህ ነው ወደ ሻምፖው የምትመለሰው። ከጣሪያ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፤ የበሩ ታችና ፓራውልቱ መጨረሻ ላይ ናቸው፣ አሸዋው ያለው እዚያ ነውና።

ከዚያ ሳይደርቅ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተህ ኮፈኑን በቀስታ ዳስሰው። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለህ ቀለም ጤፍ እንደተበተነበት ሰፌድ ይቆረቁርሃል። ይኼ ሻምፖ የማያነሳው ቆሻሻ ነው፤ የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ጎረቤት መኪና ሲቀባ ነፋስ ያመጣው ቀለም። የብረት ብናኙን በአይረን ሪሙቨር አሟሟው። ብረቱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሳይደርቅብህ በብዙ ውሃ እጠበው። የቀረውን ክሌይ ያነሳዋል። ክሌይ በደረቁ አይነካም፣ የሚያንሸራትት ነገር ይፈልጋል፤ ሻምፖ በዛ ያለበት ውሃም ይበቃል። በጣትህ ጠፍጥፈህ፣ ሳትጫነው፣ ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ አድርገው። መጀመሪያ ይይዛል፣ ሸር ሸር የሚል ድምፅም አለው። ድምፁ ሲጠፋ ያ ቦታ አልቋል፤ የቆሸሸውን ፊት ወደ ውስጥ አጥፈህ ቀጥል። መሬት ከወደቀ ጣለው። አጥቤዋለሁ አትበለኝ። ጣለው።

ስለ ኮፈኑ፤ የውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ፈልግ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በጠቅላላ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ ክሊሩ፣ ማለትም ከላይ ያለው ቀለም አልባው ሽፋን፣ ከዚያ ውስጥ ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። ፖሊሽ የሚበላው ያንን ክሊር ነው። ያንተ ኮፈን 250 ቢያነብ አይግረምህ፣ ተቀብቷል። ከ500 ካለፈ ስቱኮ (የተጎዳ አካል መሙያ) ጠርጥር። ግን ቁጥሩ በዛ ማለት ክሊሩ በዛ ማለት አይደለም፤ ከሥር ያለው የድሮ ቀለም፣ ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቀለምና ስቱኮ ሁሉ ይቆጠራል። ስለዚህ ተቀብቶ የነበረ ኮፈን ላይ በደካማው ፖሊሽና በለስላሳው ስፖንጅ ነው የሚጀመረው።

ፖሊሹ ሲያልቅ ቅባቱ ጭረቱን ሞልቶ ያታልልሃል። አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠህ ጥረገውና እውነቱን እይ። ሴራሚክ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥላ ውስጥ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ግማሽ በር ግማሽ በር እያልክ። ከተቀባ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው፣ አንድ ሳምንት አይታጠብ። ውጭ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ አትሞክረው።

ዮኒ፦ ሰላም፣ ምርጥ ዋክስ የቱ ነው?

ጋሽ ኮፈን፦ ለየትኛው መኪና? የት ለሚያድር? ምን ሆኖ ላለ ቀለም?

ዮኒ፦ ለመኪና ነዋ።

ጋሽ ኮፈን፦ ቀጣይ።

ሚሚ ሲኤምሲ፦ ጥቁር ኮሮላ፣ የፋብሪካ ቀለም፣ ግቢ ያድራል። ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል። ሰው አልጫረውም፣ ዘበኛችን በየማለዳው በጨርቅ ይወለውለዋል እንጂ።

ጋሽ ኮፈን፦ መልሱን ራስሽ ጻፍሽው እኮ እህቴ። ዘበኛሽ በየማለዳው ነው የጫረው፣ እሱ ግን ያከበረሽ ነው የሚመስለው። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው። ጨርቁ ያንን ድንጋይ ይዞ ክሊሩ ላይ ይዞራል። ጨርቁ ንጹሕ ይሁን፣ አዲስ ይሁን፣ ማይክሮፋይበር ይሁን፣ በደረቅ አቧራ ላይ ከሄደ ያው ነው። የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮና ግንባታ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሲሚንቶም አለበት፤ ሲሚንቶ ጤዛ ካገኘው ይጠነክራል፣ ከዚያ ሲጠረግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይኼን ያዙ፤ አቧራ በደረቁ አይጠረግም። ሲሚንቶ የሌለበት አቧራ ሳምንቱን ሙሉ ለብሳ ብትውል ቀለሙ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው እጃችን ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው እንዳትይኝ፣ እኔም ሰፈር በፈረቃ ነው። የአትክልት መርጫ ግዢ፤ አዲሱን፣ ፀረ ተባይ ገብቶበት የማያውቀውን። ሻምፖ በውሃ አቅጥነሽ ሙሉ አካሉ ላይ ንፊ፣ ሳይደርቅ ትንሽ ቆይተሽ በዚያው መርጫ በንጹሕ ውሃ አውርጂው። አብዛኛው አሸዋ ሳይነካ ይወርዳል። ጓንት ከዚያ በኋላ።

ያለውን ጭረት በተመለከተ፣ ጥፍርሽን አቋርጠሽ ሳቢበት። ጥፍር ካልያዘ ክሊሩ ላይ ነው፣ በፖሊሽ ይወጣል። ከያዘ ጥልቅ ነው፣ ፖሊሽ እያልሽ ክሊሩን አትጨርሺው። መጀመሪያ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ሞክሪ። ለስላሳው ካወጣው ጠንካራውን አትክፈቺ። ጋራዥ ወስደሽ ደግሞ በግራይንደር ላይ የበግ ፀጉር ገጥመው እንዳያሽከረክሩብሽ፤ የሸረሪት ድሩን አጥፍተው በምትኩ ማዕበል የመሰለ ጥላ ይተውልሻል፣ ጥቁር ላይ በተለይ።

ናትናኤል፦ የላባ መጥረጊያ ግን አይጭርም አይደል?

ጋሽ ኮፈን፦ አቧራ በደረቁ አይጠረግም።

ናትናኤል፦ ላባ እኮ ነው ጋሼ።

ጋሽ ኮፈን፦ የሚጭረው ላባው ነው አልኩ? አሸዋው ነው።

የገርጂ ልጅ፦ ላቫጆ ቤት ሲያልቅ በናፍጣ የረጠበ ጨርቅ ያሳርፉበታል፤ ያብለጨልጫል። እውነት ይጎዳል ወይስ ወሬ ነው?

ጋሽ ኮፈን፦ ርዕሱን አላነበብክም።

የገርጂ ልጅ፦ አንብቤያለሁ፣ ምክንያቱን ስላልነገሩን ነው።

ጋሽ ኮፈን፦ ይሁን። ናፍጣ ቅባት ነው፣ ያብለጨለጨው ቅባቱ ነው። ከግቢ ሳትወጣ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ያንን ደግሞ ዘበኛ በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ከዚያ ሚሚን ሆንክ ማለት ነው። የበርና የመስታወት ጎማም ናፍጣ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ክረምት ላይ ውሃ ያስገባል። ዋክስ ካለህም ያሟሟዋል። ላቫጆ ቤት ልጁን «ያለ ናፍጣ» በለው፣ ጉርሻውን ቀድመህ ስጠው።

ካፒቴኑ፦ ቆይ ቆይ። ባለፈው በበሩ ታች ያለውን ሬንጅ በነጭ ጋዝ አውጣው ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ነጭ ጋዝና ናፍጣ ወንድማማች አይደሉም?

የገርጂ ልጅ፦ 😂 ተያዙ ጋሽ ኮፈን።

ጋሽ ኮፈን፦ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ጥጥ ላይ ትንሽ ነክረህ ነጥቡ ላይ ብቻ ታሳርፋለህ፣ ሬንጁ ሲሟሟ ትጠርገዋለህ፣ ወዲያው በሻምፖ ታጥበዋለህ። ያ መድኃኒት ነው። ሙሉ መኪናውን ቀብተህ ጥለህ መሄድ ሌላ ነው። ድጋሚ በተቀባ ቀለም ላይ ደግሞ ቀድመህ የማይታይ ቦታ ሞክር፤ አንዳንዱ በርካሽ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ጥጡ ቀለሙን ይዞ ይመጣል።

ካፒቴኑ፦ እኔ ስንት ዓመት ናፍጣ እየቀባሁ ዲኤክሴ ዛሬም መስታወት ናት።

ጋሽ ኮፈን፦ ዲኤክስህን አውቃታለሁ። ከአንዴም ሁለቴ አስቀብተሃታል።

ካፒቴኑ፦ እሱማ ስለተጋጨች ነው።

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ እናንተ አቧራ ነው ያስቸገራችሁ፣ እዚህ ክረምት ላይ ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ነው። ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ከሥር ሻንሲውን ይበላል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ከሥር የሚረጭ እጥበት አስገባታለሁ። ለአገር ቤት አንድ መኪና ልልክ አስቤ ነበር፣ በዚሁ ዝገት ተውኩት።

ካፒቴኑ፦ ብትልክስ፤ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አይገባም። ኤሌክትሪክ ላክ።

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ የዲያስፖራ ይለያል ብለውኝ ነበር።

ናትናኤል፦ ኤሌክትሪኮቹ ግን ቀለማቸው ስስ ነው ይባላል። የአጎቴ ገና በዓመቱ ኮፈኑ ላይ የጠጠር ምልክት ሞልቶታል።

ካፒቴኑ፦ ቻይና ስለሆነ ነው።

ሚሚ ሲኤምሲ፦ የወንድሜ ጃፓን ነው፣ እሱም ሞልቶታል።

ጋሽ ኮፈን፦ ስለ ቀረጥ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። የጠጠር ምልክት የሚመጣው ከፊት ያለውን መኪና ተጠግቶ ከመንዳት ነው፣ ከፋብሪካው አገር አይደለም። ሴራሚክም አያድንም። ጠርሙሱ ላይ 9ኤች የሚለው በእርሳስ ጥንካሬ የሚለካ ነው፣ ድንጋይ ይችላል ማለት አይደለም፤ ደርቆ ሲያልቅ ውፍረቱ አንድ ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው። ጠጠር የሚችለው ፒፒኤፍ የሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ እሱ ከ150 ማይክሮን በላይ አለው። ድጋሚ በተቀባ አካል ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀለሙ በደንብ ካልያዘ ፕላስቲኩ ሲነሳ ይዞት ይነሳል።

ሰላም ጀሞ፦ ነጭ ያሪስ፣ የፋብሪካ ቀለም። የምትቆመው ከብረታ ብረት ቤት አጠገብ ነው። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ብርቱካናማ ጥቃቅን ነጥቦች ወጡ። ልትዝግ ነው?

ጋሽ ኮፈን፦ ጎበዝ፣ ጎረቤትሽን መጥቀስሽ ግማሽ ሥራ ነው። መኪናሽ አይደለችም የዛገችው፣ ላይዋ ላይ ያረፈው ነው። በር ሲቆርጡ ከግራይንደሩ የሚፈናጠረው ብልጭታ የጋለ ብረት ነው፤ ክሊሩ ላይ ሲያርፍ አቃጥሎ ይሰካል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። በጥፍር አትጫሪው፣ በስፖንጅም አትፈትጊው። አይረን ሪሙቨር፣ ጥላ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ክሌይ። ነጥቡ ወጥቶ ጥቁር ጉድጓድ ከቀረ ክሊሩን አልፏል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ፖሊሽ አይረዳም። ደግሞም ቦታ ቀይሪ፣ ካልሆነ በየወሩ ይኼው ነው።

ዮኒ፦ ሴራሚክ ይሻላል ዋክስ?

ጋሽ ኮፈን፦ ዮኒ፣ መኪና አለህ?

ዮኒ፦ ልገዛ ነው።

ጋሽ ኮፈን፦ ስትገዛ ና። ለሌሎቻችሁ፤ እጃችሁ ገና ካልፈታ ዋክስ ቅቡ። ዋክስ ቢበላሽ ይታጠባል፣ ሴራሚክ ቢበላሽ ይፈቀፈቃል።

አቤል፦ ቀይ ኮሮላ፣ ጣሪያውና ኮፈኑ ነጣ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ቆዳ እየተላጠ ነው። ፖሊሽ ይመልሰዋል?

ጋሽ ኮፈን፦ የተላጠው አይመለስም። ክሊሩ ሞቷል፣ እስከ ፕራይመር ተፍቆ መቀባት ነው። ክሊሩ ውስጥ ፀሐይ የሚከላከል ንጥረ ነገር አለ፣ እሱ በጊዜ ያልቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀዝቃዛ ስለሆነች ፀሐይዋ ደካማ ትመስላለች እንጂ ቀለም ላይ ጨካኝ ናት። ጣሪያና ኮፈን የሚቀድሙት ለዚህ ነው። የነጣው ግን ያልተላጠው ቦታ በፖሊሽ ለጊዜው ይመለሳል። ስፖንጁ ላይ ቀይ ከመጣ ክሊር የለም፣ ቀለሙን ራሱን እየፈቅህ ነውና አቁም። የድሮ ቮልስ ብትሆን ኖሮ ሌላ ነበር፤ እሷ ከመጀመሪያውም ክሊር የላትም፣ ቀለሟን በጥንቃቄ ብትፈቅ ታበራለች።

የገርጂ ልጅ፦ ታዲያ ልብስ ማልበስስ?

ጋሽ ኮፈን፦ ከታጠበች በኋላና ነፋስ በሌለበት ጥሩ ነው። አቧራ ላይ ካለበስካት ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ይፈትጋታል። አቧራ በደረቁ...

ናትናኤል፦ አይጠረግም 😂

ጋሽ ኮፈን፦ ተመስገን፣ አንድ ሰው ገባው።

ሄለን፦ የወፍ ኩስ ምልክት ትቶ አልለቅ አለኝ። የጉድጓድ ውሃ ነጭ ነጥብም አለ። ሰማያዊ ዲዛየር፣ ግቢ ነው የምታድረው፣ አልተቀባችም።

ጋሽ ኮፈን፦ ነጭ ነጥቡን በአቼቶ። እኩል ውሃ ጨምሪበት፣ በጨርቅ ጥላ ውስጥ አሳርፊበት፣ ደቂቃ ሳይሞላ በውሃ እጠቢ። ወፉ ያደረገው ግን ክሊሩን ከበላው በፖሊሽ ነው የሚሞከረው። ሌላ ጊዜ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና እስኪርስ ጠብቂ፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሺው እንጂ አትጥረጊው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀኑን አያልፍም፣ ይበላል።

ብርማው ቪትዝ፦ የፊት መብራት የደበዘዘውን በጥርስ ሳሙና ይባላል?

ጋሽ ኮፈን፦ ለጥቂት ሳምንት ያበራል። የላይኛውን መከላከያ ስለፈቅከው ተመልሶ ይብሳል።

ፍጹም፦ በሬን ትናንት አስቀብቼ ወጣሁ፣ በምድጃ አልደረቀም። ዛሬ ማታ ዋክስ ልቀባለት?

ጋሽ ኮፈን፦ በፍጹም። ቀለሙ ገና እየተነፈሰ ነው፣ ቲነሩ ይውጣ። ከ30 ቀን በፊት ዋክስም፣ ሴራሚክም፣ ስቲከርም የለም። እስከዚያ በንጹሕ ውሃና በቀላል ሻምፖ ብቻ። የቀረ ጥያቄ ካለ ጻፉት፣ ማታ አያለሁ፤ አሁን ውሃ መጥቷል፣ በርሜል ልሞላ ነው።