«የሕዝብ ወጪ» የማን ወጪ ነው?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ታሪፍ ስንነጋገር «ታሪፍ ከመሻሻሉ በፊት የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ በየከተማው ቢዘጋጅ የሕዝብ ወጪ ይጨምራል» ብዬ ጻፍሁ። አንድ አዛውንት «ይቀንሳል እንጂ እንዴት ይጨምራል?» አሉኝ። ሌላው ደግሞ «ኪሳራ በለው» አለኝ። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ስሕተቱ «የ» ላይ ነው። እርስዎና አዛውንቱ አንድ ቃል ይዛችሁ ሁለት ኪስ ታስባላችሁ። እርስዎ የአዳራሹን ኪራይ፣ የባለሙያዎቹን አበልና የመኪናውን ነዳጅ ቆጠሩ፤ እርሳቸው መድረኩ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ቢሆን ከደሴ እዚያ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለመናገር የሚከፈለውን የአውቶቡስና የአልጋ ሒሳብ ቆጠሩ።

«ወጪ» ሣልስ ቅጽል፣ ማለትም በ«ኢ» ድምፅ የሚያልቅ ገላጭ ቃል ነው። በግእዙ «ወፃኢ» ውስጥ ያለው «ፀ» በአማርኛ «ጠ» ሆነ፤ «ጠ»ም በ«ኢ» ሳቢነት ወደ «ጨ» ዞረ። «ወጭ» እያሉ በሳድስ የሚጽፉ ሰዎች ለውጡን ያመጣውን ድምፅ ራሱን ይቆርጡታል፤ ይህን አሁንም አልቀበልም። ቃሉ ለሰውም ይሆናል፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሰውን መንገደኛ «ወጪ ወራጅ» እንለዋለን። ገንዘቡም ከኪስ የተነሣ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ በመጀመሪያ «ከየት ተነሣህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የ«የ» ሥራ ይህንን መመለስ ነው። ከካዝና የተነሣው የመንግሥት ወጪ፣ ከነዋሪው ኪስ የተነሣው የሕዝብ ወጪ ነው።

ካዝናው የሕዝብ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው የሚሉ አሉ። ማስረጃ አላቸው። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በ4 ዓመት ውስጥ በየ3 ወሩ እየተስተካከለ እንዲሄድ የተቀመረ ነው፤ ዓላማውም የኤሌክትሪክ አቅራቢው ገቢ ወጪውን እንዲሸፍን ነው። በዚህ ስሌት የመድረኩ ወጪ በታሪፉ ውስጥ ከተካተተ፣ ዞሮ ዞሮ በወር ሒሳባችን ላይ ይመጣል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ዞሮ የሚመጣውንና ዛሬውኑ ከኪስ የሚወጣውን አንድ ስም ከሰጠናቸው፣ መድረኩ ደሴ ላይ ሲዘጋጅ ሸክሙ ከማን ጫንቃ ወደ ማን ጫንቃ እንደተዛወረ በምን ቃል ልንጽፍ ነው? ክርክሩ ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው።

«ኪሳራ» የዐረብኛው «ኸሳራ» ነው። የግእዙ «ኀሳር»፣ ዛሬ «አሳሩን አየ» የምንለው፣ የሥር ዘመዱ ነው፤ አንደኛው የነጋዴ ጉዳት፣ ሌላኛው የመከራ ስም ሆነው ተለያዩ። ፍርድ ቤቶቻችን «ወጪና ኪሳራ» ብለው አጣምረው ሲጽፉ ሁለቱን መለየታቸው ነው፤ የተከፈለው ወጪ፣ በመንገላታት የባከነው ኪሳራ ነው። ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ሱቋን ዘግታ ወደ ስብሰባ የሄደች ሴት የከፈለችው የታክሲ ሒሳብ ወጪዋ ነው፤ ሳትሸጥ የዋለችው ቀን ግን ኪሳራዋ ነው። ስለዚህ «ኪሳራ በለው» ያለዎት ሰው ከግማሽ በላይ ትክክል ነው፤ ለአዳራሽ ኪራይ ግን አይሆንም።

«የሕዝብ ወጪ» ለመንግሥት በጀት በጋዜጣም በስብሰባም እየተለመደ ነው፤ ልማዱን እኔ አልመልሰውም። በንግግር ቢሉት አልፈርድብዎትም። ቃለ ጉባኤ ግን ይፈረምበታል፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ያርሙት፦ «መድረኩ በየከተማው ቢዘጋጅ የመንግሥት ወጪ ይጨምራል፤ የነዋሪው ወጪና ኪሳራ ይቀንሳል።» አዛውንቱም እርስዎም ሳትጣሉ ትፈርሙበታላችሁ።